በሞቴ፣ ዘና በል!

ኢትዮጵያውያን ሰብሰብ ብለው በሚኖሩበት ቦታ ሁሉ እምቢ የማይባል አንድ ሰው አለ። ሌላው ዓለም «አይ፣ አመሰግናለሁ» ሲባል ነገሩ ያለቀ ይመስለዋል። እኛ ዘንድ ግን ነገሩ የሚጀመረው ገና ያኔ ነው። የመጀመሪያው «አይ» ሰላምታ ነው። ሁለተኛው ጨዋነት ነው። ሦስተኛውን «አይ» ያለ ሰው ምናልባት እውነት ጠግቦ ይሆናል፤ እሱንም ቢሆን ግን ማንም አያምነውም። እምቢ የማይባለው ሰው ይህን ሕግ ከሁላችንም አብልጦ ያውቃል፤ ያለ ርኅራኄም ያስፈጽመዋል።

በስደት ከተማችን፣ የእኛ ሰው ምግብ ቤትና ሱቅ በከፈተበት ፌርፋክስ ጎዳና ላይ፣ ከኦሊምፒክ ጎዳና እስከ ፒኮ ጎዳና ባለው ግዛት፣ ይህን ሥልጣን የያዙት ክብርት እትዬ ሰርካዲስ ናቸው። ማንም አልመረጣቸውም፤ ሊያወርዳቸው የሞከረም የለም። ስልሳ ስምንት ዓመታቸው ነው። ቁመታቸው አጠር፣ ክንዳቸው ጠንከር ያለ ነው፤ ሃያ ሁለት ዓመት አረጋውያንን ከአልጋ ሲያነሱ፣ ሲያጥቡና ሲያበሉ ኖረው ጡረታ ወጥተዋል። የሚኖሩት ሚድ ሲቲ በሚባለው ሰፈር፣ ከእኔ በላይ ባለው ፎቅ ነው፤ እኔ ታች፣ እሳቸውና ባለቤታቸው ጋሼ ለይኩን ላይ። የእነሱ ወለል የእኔ ጣሪያ ነው። ስለዚህ ከምጽፈው ግማሹን በዓይኔ ያየሁት፣ ግማሹን በጣሪያዬ የሰማሁት ነው።

መሣሪያቸው አንዲት ቃል ናት፤ «በሞቴ!»

ወደዚህ ሕንጻ የገባሁ ዕለት እራት ጠሩኝ። ሥራ ቦታ በልቼ ስለነበር «በልቻለሁ» አልኳቸው። «በሞቴ!» አሉ። በላሁ። «በቃኝ» አልኩ። «አፈር ስሆን!» አሉ። በላሁ። በዚያ አንድ እራት እትዬ ሰርካዲስ አሥራ አንድ ጊዜ ሞቱ፤ ቆጥሬያለሁ። እኔም የተረፍኩት ለጥቂት ነው።

አንድ ቀን ደግሞ የከተማው የፓርኪንግ ተቆጣጣሪ መኪናቸው ላይ ትኬት ሲጽፍ ደረሱበት። ሌላ ሰው ቢሆን ይለምናል፣ ወይም ይሳደባል። እሳቸው ቦርሳቸውን ከፍተው ሳምቡሳ አወጡ። ሰውየው ሥራ ላይ መሆኑን ነገራቸው። «ኖ፣ ኖ፣ ጀስት ዋን! በሞቴ!» አሉት። ምን እንደተባለ ባይገባውም እምቢ እንደማይባሉ ገባው። በአንድ እጁ ሳምቡሳውን እየበላ በሌላው ማሽኑን ነካክቶ ትኬቱን ሰጣቸው። እሳቸውም ለባልደረባው የሚወስድለት ሌላ ሳምቡሳ ጨመሩለት።

«ቀጣዎት እኮ» አልኳቸው።

«ቅጣቱ የመንግሥት ነው፣ ልጄ። ረሃቡ ግን የራሱ ነው።»

ፌርፋክስ ላይ ምግብ ቤት ያላትን ራኬብንም፣ በምሳ ሰዓት ግርግር መሐል፣ በገዛ ምግብ ቤቷ ውስጥ፣ ከገዛ ወጥዋ አጉርሰዋታል። ወጡ ጨው እንዳነሰው ያወቀችው ያን ቀን ነው።

እንዲህ ያለ ሰው ድል ብቻ እየቆጠረ ቢኖር ታሪኩ እዚህ ላይ ያልቅ ነበር። ነገር ግን ባለፈው ጥር ጋሼ ለይኩን የታጠበ ልብስ ታቅፈው ደረጃውን ሲወጡ፣ ሁለተኛው እርከን ላይ ወደቁ። ዳሌያቸው ተሰበረ፤ በቀዶ ጥገናም ተጠገነ። በፋሲካ ሰሞን ሐኪሙ ራጁን አይቶ «ይህ አጥንት ከእኔ አጥንት ይሻላል» አላቸው። አጥንቱ ድኗል። ያልዳነው ሰውየው ነበሩ። ዎከር የሚሉትን ባለ አራት እግር ምርኩዝ ተደግፈው ከአልጋ እስከ ወንበር፣ ከወንበር እስከ ጠረጴዛ ይሄዳሉ፤ ከዚያ ወዲያ የለም። ከበራቸው እስከ መሬት አሥራ ሰባት እርከን ነው፤ ሊፍት የለም።

«እኔና ያ ደረጃ ተቆራርጠናል» ይሉኛል፣ ልጠይቃቸው ስወጣ። «ሽማግሌ ቢላክም አልታረቅም።»

ጋሼ ለይኩን ሠላሳ ዓመት ሙሉ በየቀኑ ፌርፋክስ ወርደው፣ አንድ ሱቅ ደጃፍ ካለች ወንበር ላይ ተቀምጠው፣ ከአላፊ አግዳሚው ጋር ሲከራከሩ የኖሩ ሰው ናቸው። አሁን የሚያዩት የመስኮታቸውን ዓለም ብቻ ሆነ፤ የሕንጻው ግቢ፣ አራት መኪና፣ አንድ የጃካራንዳ ዛፍ።

የምታንቀሳቅሳቸው ቴራፒስት ኢንሹራንሱ የፈቀደላት ስድስት ሳምንት አለቀና ሄደች። ከመሄዷ በፊት እትዬ ሰርካዲስን በር ላይ ይዛ እውነቱን ነገረቻቸው። ጋሼ የፈረንጁ በጋ ሳያልቅ ደረጃውን መውረድ ካልጀመሩ ጡንቻቸው ይከዳቸዋል፤ ከዚያ በኋላ ዊልቸር ነው። ላስ ቬጋስ የምትኖረው ልጃቸው ሐና ይህን እንደሰማች ጊዜ አላጠፋችም፤ ደረጃ የሌለው ቤት አገኘች። «እማዬ፣ ሴፕቴምበር ላይ ሙቭ ታደርጋላችሁ። ኦኬ? ዲስከሽን የለም!» አለች በስልክ። ልጅቱ በማን እንደወጣች ለማወቅ ምርመራ አያስፈልግም።

ባልም ሚስትም መሄድ አልፈለጉም። እትዬ ሰርካዲስ የሚያውቁትን መድኃኒት አመጡ። «ተነስ! በሞቴ፣ አንድ እርከን ብቻ!» ይላሉ። ክንዳቸውን ይዘው ይስባሉ። ጋሼ ለይኩን የወንበሩን እጀታ ይጨብጣሉ። ወንበሩ ጣሪያዬ ላይ ይንቋቋል። «ተይኝ፣ ሰርኬ!» «አልተውህም!» ሃያ ሁለት ዓመት የሰው አባት ሲያነሱ የኖሩ ክንዶች የገዛ ባላቸውን ማንሳት አቃታቸው። እሳቸው በሳቡ ቁጥር ሰውየው ይከብዳሉ።

ቴራፒስቷ ስትሄድ አንድ ወረቀት ትታ ነበር። መውደቅን ለሚፈሩ አረጋውያን፣ ሰፈሩ አጠገብ ባለው ፓርክ ውስጥ፣ በየጠዋቱ፣ በነጻ፣ ታይ ቺ የሚባል የቻይናዎች እንቅስቃሴ ይሰጣል ይላል። እትዬ ሰርካዲስ ወረቀቱን አነበቡ። «እሱ ካልሄደ እኔ ሄጄ አመጣለታለሁ» አሉ፤ ልክ ከፋርማሲ እንደሚያመጡላቸው ኪኒን።

አስተማሪው ሚስተር ሊያንግ ይባላሉ። ሰማንያ ሦስት ዓመታቸው ነው፤ ሰዓት ሲጠግኑ የኖሩ፣ ነፋስ የሚወስዳቸው የሚመስሉ ቀጭን ሽማግሌ። ሚስተር ሊያንግ የሚናገሩት እንግሊዝኛ ነው፤ እትዬ ሰርካዲስ ግን ሲተርኩልን ወደ አማርኛ አምጥተው፣ ራሳቸውን «እርስዎ» እያሰኙ ነው። ክብሩን በትርጉም ላይ ይጨምሩታል።

በመጀመሪያው ቀን ሃያ አራቱን እንቅስቃሴ ሚስተር ሊያንግ በስድስት ደቂቃ ሲሠሩ፣ እትዬ ሰርካዲስ በሁለት ደቂቃ ጨርሰው ክንዳቸውን አጣምረው ቆሙ።

«ጨርሻለሁ» አሉ።

«በጣም ጥሩ» አሉ ሚስተር ሊያንግ። «አሁን ይጀምሩ።»

ከዚያ በኋላ እትዬ ሰርካዲስ ቆሎ አወጡ። ሚስተር ሊያንግ ሦስት ጊዜ «አይ» አሉ፤ ሦስት ጊዜም ተሸነፉ። በሁለተኛው ሳምንት ሽማግሌው ለቆሎ የሚሆን ቆርቆሮ ከቤታቸው ይዘው መምጣት ጀመሩ።

ትምህርቱ የሚሰጠው ግን ከእንቅስቃሴው በኋላ፣ አግዳሚው ወንበር ላይ፣ ቆሎው ሲቆረጠም ነበር። ሚስተር ሊያንግ እንዲህ አሏቸው። ታኦ ማለት መንገድ ማለት ነው። በጥንት ዘመን ከከተማ ርቀው ተራራ ላይ የሚኖሩ፣ ውሃን ሲመለከቱ የሚውሉ ሰዎች ነበሩ። ውሃ ማንንም ልቅደም፣ ልለፍ አይልም፤ ሌላው የሚንቀውን ዝቅተኛ ቦታ ይዞ ይሄዳል፤ ግን ይደርሳል። እነዚያ ሰዎች የሰው ልጅ የሚደክመው በሥራው ሳይሆን ነገሩን ሁሉ በግድ ካላደረግሁ በማለቱ ነው ይሉ ነበር። እንደሚተረተው ከእነሱ አንዱ ወፍና እባብ ሲጣሉ አየ። ወፏ በምንቃሯ ስትወጋ እባቡ ሸርተት ይላል፤ ወፏ ባዶ ትወጋለች፤ እንዲህ ስትወጋ ውላ ደክሟት ሄደች። ታይ ቺ ከዚያ ጠብ ተወለደ ይባላል።

«እውነት ነው?» ብለው ጠየቁ እትዬ ሰርካዲስ።

«አላውቅም። እባቡን አልጠየቅሁትም።»

እጅ ማወዛወዙ ቅርፊቱ ነው፣ አሉ ሚስተር ሊያንግ። ዝግ የሚባለውም ለማማር አይደለም፤ ሰው ሲፈጥን ራሱን ስለማይሰማ ነው። ፍሬው ውስጥ ነው። ትንፋሽን ከእምብርት ሦስት ጣት ዝቅ አድርጎ ማሳደር፤ የትኛው እግር ባዶ፣ የትኛው ሙሉ እንደሆነ ማወቅ፤ ባዶውን ቀስ አድርጎ መሙላት፣ የሞላውን ቀስ አድርጎ ማጉደል። ሰው የሚወድቀው፣ አሉ፣ ባዶ ባልሆነ እግሩ ለመራመድ ሲቸኩል ነው። ከሁሉ በላይ ግን ዘና ማለት። ዘና ማለት መዝረክረክ አይደለም። ገመድ ላይ የተሰጣ ጋቢ ማለት ነው፤ ተንጠልጥሏል፣ ግን አይወድቅም።

«ሚስተር ሊያንግ ያሉት ካፖርት ነው» ብለው አርመውልኛል በኋላ። «ጋቢውን ያመጣሁት እኔ ነኝ።»

ይህ ሁሉ ጥበብ እትዬ ሰርካዲስ ውስጥ ገባና፣ እሳቸው እንደሚያውቁት መንገድ ወጣ። ያ ወር ፌርፋክስ ዘና እንዲል የተገደደበት ወር ነው።

ከኤርፖርት በርባንክ፣ ከበርባንክ ኤርፖርት ኡበር ሲነዳ የሚውለውን ዘሪሁንን ሱቅ ውስጥ፣ ተራ ሲጠብቅ አገኙት።

«ትከሻህን አውርድ።»

«አውርጃለሁ፣ እትዬ።»

«አላወረድክም። ጆሮህ ጋ ደርሷል። በሞቴ፣ ዘና በል!»

«ዘና ብያለሁ እኮ!»

«አትጩህ! ዘና ያለ ሰው ይጮሃል? በሞቴ!»

ትከሻውን በሁለት እጃቸው ጨምቀው ወደ ታች ይጫኑታል። ዘሪሁን ዘና ለማለት ሲታገል ላብ አጠመቀው። ራኬብም በትሪ ላይ አራት ሳህን ተሸክማ ጉልበቷን እንድታጥፍና በሆዷ እንድትተነፍስ ታዘዘች። የሳህኑ ብዛት አልተቀነሰላትም።

ቤተ ክርስቲያን ደጅ ላይ ጋሼ ተክለብርሃን ነገሩን በቁም ነገር አነሱት። ጋሼ ተክለብርሃን የሰበካ ጉባኤው አባል፣ ሁሉን ነገር በጥርጣሬ የሚጀምሩ ሰው ናቸው።

«ሰርካዲስ፣ ይህ የቻይና ነገር ባዕድ አምልኮ እንዳይሆን።»

«ጋሼ፣ እነሱም ባሕታውያን ነበሩ። የእኛዎቹ ተራራ ላይ ወጥተው ጸለዩ፤ የእነሱ ወጥተው ውሃ አዩ። ጸሎቱ የእኛ ይሁን። እኔ የምወስደው አቋቋሙን ነው። አሁን ራስዎን ይመልከቱ፤ ሦስት ሰዓት ሙሉ ቅዳሴ ሲቆሙ ክብደትዎን ሁሉ የጫኑት ግራ ጉልበትዎ ላይ ነው። በሞቴ፣ ቀስ ብለው ወደ ቀኝ ያሻግሩት።»

ጋሼ ተክለብርሃን ግራ ቀኝ አዩና አሻገሩት። ፊታቸው ላይ ለብዙ ዓመት ያላየሁት እፎይታ ሲወጣ አየሁ። የአምልኮው ጥያቄ ከዚያ ወዲህ አልተነሳም።

ቤት ውስጥ ግን ያው ነበር። «ተነስ፣ አብረን ዘና እንበል! በሞቴ!» ሲሉ እሰማለሁ። ጋሼ ለይኩንም ይመልሳሉ፤ «ዘና ያልኩትማ እኔ ነኝ። ከጥር ጀምሮ ቁጭ ብያለሁ። ከእኔ በላይ ማን ዘና ያለ አለ?» ወንበሩ ይንቋቋል። ሰኔም እንዲሁ አለፈ።

በወሩ መጨረሻ ሚስተር ሊያንግ ተማሪዎቹን ሁለት ሁለት አድርገው እጅ ለእጅ አቆሟቸው። ይህ መገፋፋት የሚባለው ነው፤ ክንድ ከክንድ አነካክቶ፣ ሌላውን ሰው ከቆመበት ለማነቃነቅ መሞከር። እትዬ ሰርካዲስ የደረሳቸው ራሳቸው ሚስተር ሊያንግ ነበሩ። እኒህን ቀጭን ሽማግሌ መግፋት ነውር መስሏቸው መጀመሪያ በትንሹ ገፉ። ከዚያ በመጠኑ። ከዚያ በሃያ ሁለት ዓመት የሥራ ልምዳቸው ገፉ። ሽማግሌው በቦታቸው አልነበሩም። እትዬ ሰርካዲስ አየሩን ገፍተው በአፍጢማቸው ሊደፉ ሲሉ፣ ሚስተር ሊያንግ ክርናቸውን በሁለት ጣት ይዘው መለሷቸው።

«ሲገፉ አይሰሙም» አሏቸው። «እጅዎ መጀመሪያ ማዳመጥ አለበት። ሰውን ሲገፉት ሥራ ይሰጡታል። ሥራው እርስዎን መልሶ መግፋት ነው። ቀኑን ሙሉ ሲሠራ ይውላል፤ ሌላ ነገር ለመሥራት ጊዜ አይኖረውም።» ከዚያ ጠየቁ። «ቤትዎ ውስጥ የሚገፉት ማንን ነው?»

ያን ቀን ከሥራ ስመለስ እትዬ ሰርካዲስን ደረጃው ላይ፣ ሦስተኛው እርከን ላይ ተቀምጠው አገኘኋቸው። ይህን ሁሉ የነገሩኝ ያኔ ነው። ነግረውኝ ሲጨርሱ ዝም አሉ። ይህ በታሪካቸው የተመዘገበ የመጀመሪያው ዝምታ ነው።

«እኔ ነኝ እኮ ወንበሩ ላይ የያዝኩት፣ ፋኑኤል» አሉ በመጨረሻ። «እየጎተትኩ ያስቀመጥኩት እኔ ነኝ።»

ከዚያ ቀጥሎ የመጣውን የፌርፋክስ ታላቁ ረሃብ ብዬ እጠራዋለሁ።

እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ እነሱ ቤት ወጣሁ። ከጠዋት ጀምሮ እህል አልቀመስኩም። ጎመን በሥጋ ምድጃ ላይ ነበር፤ ሽታው እኔ ቤት ድረስ ወርዶ ነው የጠራኝ።

«ትበላለህ?» አሉ እትዬ ሰርካዲስ።

«አይ፣ በልቻለሁ» አልኩ፣ እንደ ወጉ።

«ኦኬ» አሉና ክዳኑን መለሱት።

ማብራሪያ አልተሰጠኝም። አንድ ሰዓት ሙሉ ተቀመጥኩ። ስለ አየር ጠባይ አወራን። ክዳኑን አየሁት፤ ክዳኑም አየኝ። ከዚያ ወርጄ ቂጣ በሻይ በላሁ።

በሁለት ሳምንት ውስጥ ወሬው ተዳረሰ። ዘሪሁን ደወለልኝ፤ «ምን አድርጌያቸው ነው? አንድ ጊዜ እምቢ አልኩ፣ ‹እሺ› አሉኝ! ተርቤ ነው እኮ ተራራውን ተሻግሬ እስከ ቫሊ ድራይቭ ያደረግኩት!» ራኬብ «ታመዋል እንዴ?» ብላ ጠየቀች። ሰው ሁሉ እንደ ልማዱ እምቢ ይላል፤ እሳቸው ያምኑታል፤ ሰውም የሚመልሰው እያጣ በባዶ ሆዱ ይወጣል። ስንት ዘመን ስንዋሽ እንደኖርን ያወቅነው ያኔ ነው። አንዳችንም ግን «አዎ፣ ርቦኛል» የሚለውን ቃል ከአፋችን ማውጣት አልቻልንም። እንዲያ ያለ ነገር ማን አስተምሮን?

ከሁላችን የባሰባቸው ጋሼ ለይኩን ነበሩ። በመጀመሪያው ቀን «ተነስ» ሲባሉ ጠበቁ። አልተባሉም። በሁለተኛው ቀን ወንበሩን አጥብቀው ይዘው ጠበቁ። ማንም አልሳባቸውም። በሦስተኛው ቀን ራሳቸው ጀመሩት።

«ዛሬም አልነሳም!»

«እሺ፣ ለይኩን።»

እትዬ ሰርካዲስ ወደ ፓርክ ሲሄዱ ጋሼ ወለሉን በዎከራቸው እየደበደቡ ጠሩኝ። ፊታቸው ተለዋውጦ ነበር። «ምን ሆናለች? ተስፋ ቆረጠችብኝ እንዴ? ሐና ጋ ልትወስደኝ ነው?»

ዓይኔ ወደ ምድጃው ሄደ። እኔም ተርቤ ነበር።

እትዬ ሰርካዲስ አንድ አዲስ ነገር ብቻ ጀምረዋል። በየጠዋቱ ወደ ፓርክ ከመሄዳቸው በፊት ግቢው ውስጥ፣ ጃካራንዳው ሥር፣ ልክ ከመስኮቱ በታች ሃያ አራቱን እንቅስቃሴ ይሠራሉ። ጀርባቸውን ለቤቱ ሰጥተው፣ ቀና ብለው ሳያዩ። ጋሼ ለይኩን ከመስኮቱ ሌላ የሚያዩት የላቸውም፤ ስለዚህ አዩ። አንድ ሳምንት ዝም ብለው አዩ። በሁለተኛው ሳምንት መስኮቱ ተከፈተ።

«ክብደትሽ ቀኝ ላይ ነው!»

መልስ የለም።

«ግራ እግርሽ ባዶ መሆን አለበት! አሁን ባዶ ነው ይሄ?»

ሰው ለሠላሳ ዓመት ከሱቅ ደጃፍ ሆኖ የዓለምን ጉዳይ ሲያርም ከኖረ፣ የሚስቱን ግራ እግር ዝም ብሎ አያልፍም።

በሦስተኛው ሳምንት ነው በጣሪያዬ የሰማሁት። እትዬ ሰርካዲስ ወደ ፓርክ እንደሄዱ ወንበሩ ተንቋቋ። ከዚያ የማውቀው የዎከሩ ድምፅ ይመጣል ብዬ ጠበቅሁ፤ ቱክ፣ ቱክ። አልመጣም። በምትኩ ረጅም ዝምታ፤ ከዚያ አንድ እግር፤ ከዚያ ረጅም ዝምታ፤ ከዚያ ሌላው። በጣሪያዬ ላይ አንድ ሰው ባዶውን እየሞላ፣ የሞላውን እያጎደለ ከግድግዳ እስከ ግድግዳ ሄደ። ወደ ላይ ስወጣ ጋሼ በሩን ከፍተው ሸሚዜን ያዙ።

«ለሰርኬ ትንፍሽ ብትል፣ ፋኑኤል፣ አንተንና ያንን ደረጃ አንድ አደርጋችኋለሁ።»

አምስት ሳምንት አልተነፈስኩም።

ኦገስት መጨረሻ ላይ፣ አንድ ቅዳሜ ጠዋት፣ ልብስ ለማጠብ ቅርጫቴን ይዤ ወጣሁ። እትዬ ሰርካዲስ ጃካራንዳው ሥር ናቸው። ዶሮ በአንድ እግሩ ሲቆም የሚመስለው እንቅስቃሴ ላይ ደርሰዋል፤ አንድ ጉልበታቸው ተነስቷል፣ አንድ እጃቸው ከፍ ብሏል። ላይ በሩ ተከፈተ። ጋሼ ለይኩን ያለ ዎከር ወጡ። የተተኮሰ ሸሚዝ ለብሰዋል።

እትዬ ሰርካዲስ በሩን ሰምተዋል። ማጅራታቸው ሲገተር አይቻለሁ። ግን አልዞሩም፤ እግራቸውንም አላወረዱም።

ጋሼ የብረቱን መደገፊያ ያዙና አንድ እግር ሰደዱ። ቆዩ። ሞሉት። ሌላውን ሰደዱ። «ባዶ… ሙሉ…» እያሉ ለራሳቸው ያንሾካሹካሉ። እኔ እቆጥራለሁ። አሥራ ሁለተኛው ላይ ቆሙ። አምስት ቀርቷል። ከአምስቱ መሐል ያቺ የወደቁባት እርከን ትታያለች። አንድ እግራቸውን ሰደው መልሰው ሰበሰቡት፤ መደገፊያውንም በሁለት እጃቸው ያዙ። ቅርጫቴን አስቀምጬ ልሮጥ ስል፣ እትዬ ሰርካዲስ ሳይዞሩ፣ በአንድ እግራቸው እንደቆሙ፣ ከፍ ያለውን መዳፋቸውን ወደ እኔ አዞሩት። ቁም ማለታቸው ነው። ቆምኩ።

«ሰርኬ» አሉ ጋሼ።

«እህ።»

«ዝም አትበይ እንጂ።»

«ምን ልበል?»

«ያንን ነገርሽን በይኝ።»

እግራቸው መሬት ነካ። ዞሩ። ከአንድ ወር ተኩል በላይ የታፈነ ነገር ግቢውን ሞላው። «በሞቴ! ለይኩንዬ፣ በሞቴ፣ አፈር ስሆን፣ አንድ ብቻ!»

«አምስት ነው የቀረው» አሉ ጋሼ ለይኩን፣ እየሳቁ። «አንድ ብቻ ትለኛለች!» ወረዱም። የወደቁባትን እርከን ሲደርሱ ባዶውን እግር ሰደዱ፣ ሞሉት፣ አለፏት። መሬት ላይ ቆመው ትንፋሻቸውን ከእምብርታቸው በታች ካሳደሩ በኋላ የመጀመሪያ ቃላቸው ይህ ነበር፤

«ግራ እግርሽ አሁንም ልክ አይደለም።»

ያን ዕለት ምሳ ላይ ሐና ደወለች፤ ስለ ቤቱ ልትነግራቸው። «ዲስከሽን የለም» አሉ እትዬ ሰርካዲስና ስልኩን ለባላቸው አሳለፉት። እኔም ምስጢር ጠባቂነቴን ለማሳወቅ ጉሮሮዬን ጠረግሁ። እትዬ ሰርካዲስ ቀደሙኝ።

«አምስት ሳምንት ሙሉ አውቄያለሁ። ዎከሩ ጥግ ላይ ቆሞ አቧራ ሲለብስ አላይም? በየቀኑ አየው ነበር። ያቺ ቃል በየቀኑ እዚህ ድረስ ትመጣብኛለች» ብለው ጉሮሯቸውን አሳዩኝ። «በየቀኑ እውጣታለሁ።»

ሚስተር ሊያንግ ስለ ውስጡ ፍሬ ብዙ ነግረዋቸዋል፤ እኔ ግን ከዚያች የተዋጠች ቃል ሌላ ማስረጃ አልፈልግም። ፌርፋክስ ላይ በሚገፉት ሰዎች ስቀልድ ብዙ ዓመት ኖሬያለሁ። ገፍቶኝ የማያውቅ ሰው ግን አንድም ቀን እራት አብልቶኝ አያውቅም።

ከዚያ ክዳኑ ተነሳ። ጎመን በሥጋ ነበር።

«ትበላለህ?» አሉኝ።

«አይ፣ በልቻለሁ» አልኩ። ከአፌ ሲወጣ ራሴን ረገምኩት።

ክዳኑን አልመለሱትም። ሁለት ጣታቸውን ክንዴ ላይ አሳርፈው አዳመጡኝ።

«ውሸትህን ነው» አሉ። «በሞቴ!»

በላሁ። በዚያ ምሳ እትዬ ሰርካዲስ ስድስት ጊዜ ሞቱ። ሰባተኛውን ፈልጌ «በቃኝ» አልኩና ጠበቅሁ።